ለከተማ ስም ያወጣ ቁልቋል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአዳማን ስም ያወጣው መልአክ የገጠር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። በኦሮምኛ «አዳሚ» ማለት ቁልቋል ነው፤ ያ ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ሰማይ ያቆመው፣ በቢላ ጫር ሲያደርጉት ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ ከብት የማይደፍረው ዛፍ። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ዛፍ ነው የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል። ሌላ ትርጓሜ የሚያቀርቡም አይጠፉም፤ የእኔ ልብ ግን ከቁልቋሉ ጋር ነው።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው፣ ልብ አለውም አላለውም፣ እቴጌ ጣይቱ በአበባ ከሰየሟት ከተማ ተነስቶ በቁልቋል ወደምትጠራ ከተማ ነው የሚጓዘው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ደርሶ «እስቲ ቁልቋል አሳዩኝ» ቢል ግን ጉድ ይፈላል። ባጃጁን፣ ፎቁን፣ የስብሰባ አዳራሹን (አዳማ ያለ ስብሰባ፣ ስብሰባም ያለ አበል አይታሰብም) ሁሉ አልፎ፣ ምናልባት የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ጭብጥ የማትሞላ እሾሃማ ነገር በስኒ ውስጥ ተቀምጣ ያገኛል። እሷም ብትሆን ቁልቋል አይደለችም። ካክተስ ናት።

ይህች በስኒ የምትኖር እንግዳ ዛሬ የማትገኝበት ቤት የለም። መንገድ ዳር ከችግኝ ሻጮች ትገዛለች፤ ለልደት ትሰጣለች፤ በየቢሮው ከኮምፒውተር አጠገብ ትቀመጣለች። ለምን እዚያ እንደተቀመጠች ብትጠይቁ «ጨረር ትስባለች» ይሏችኋል። ይህን የሚደግፍ ሳይንስ የለም። ጨረሩን መጋረድ ካስፈለገ ካክተሷ በሰውየውና በኮምፒውተሩ መሐል ገብታ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ መከለል ይኖርባታል፤ ያኔ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር የለም። (ለነገሩ በአንዳንድ ቢሮዎች ያን ያህል የሚጎዳ ነገር አይኖርም።)

ደግሞ አትቆይም። በሦስት ወር፣ በአራት ወር ውስጥ ታችኛው ክፍሏ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጎን ጋደል ብላ ትገኛለች። «ምን አጠፋሁ? በየቀኑ ውሃ እያጠጣኋት!» ይላል ባለቤቱ። ገዳዩ በራሱ አንደበት ነው የተናዘዘው። በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ከሚሞቱ ካክተሶች አብዛኞቹ በጥማት አይሞቱም፤ በደግነት ነው የሚሞቱት። ይህን ለመረዳት ግን የማን ልጅ መሆኗን፣ ከወዴት እንደመጣችም ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከአበባ ማስቀመጫ ወጥቶ ወደ ታሪክ የሚገባው።

ካክተስ የሚባለው ቤተሰብ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ሰሜኑም ደቡቡም። ከባሕር ማዶ በተፈጥሮ የሚገኝ አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ እሱም እሾህ የሌለው፣ ከዛፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የሚያድግ፣ ካክተስ ነው ብትባሉ የማታምኑት ዓይነት። የእኛ ቁልቋል በበኩሉ አፍሪካዊ ነው፤ ዘመዶቹ በየአጥሩ የምናውቀው ቅንጭብ፣ ጉሎ፣ ካሳቫም ጭምር ናቸው። ካክተስና ቁልቋል በሥጋ አይዛመዱም። የሚመሳሰሉት አንድ ዓይነት ጥማት ስለጠማቸው ነው። ሁለቱም ድርቅ ባለበት አገር ቅጠልን እንደ ቅንጦት ቆጥረው ጣሉት፤ ግንዳቸውን አረንጓዴ አደረጉ፤ ውሃ አጠራቀሙበት፤ ዙሪያውን እሾህ አቆሙ። አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ስምጥ ሸለቆ ሆኖ፣ ሳይተያዩ አንድ ልብስ ሰፍተው ለበሱ።

መለያው ቀላል ነው። ቁልቋልን ብትጭሩት ወተት ይወጣዋል፤ ካክተስን ብትጭሯት በአብዛኛው ውሃ መሳይ ነገር ነው። የቁልቋል እሾህ በጠርዙ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል፤ የካክተስ ግን ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ጉብታ ውስጥ በዘለላ ይወጣል። የወተቱን ፈተና ግን ለወሬ ያህል እወቁት እንጂ አትሞክሩት፤ የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜውም ቢሆን ያሳውራል።

ይህን ወተት በጽሑፍ ካስተዋወቁት የውጭ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር የተቀመጠው ይህ ሰው፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቁልቋልን በእኛው ስም ጠርቶ፣ ሥዕሉንም አስገብቶ ገልጾታል። ከአንድ ጤነኛ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ በጎራዴ ቢቆርጥ በጋሎን የሚለካ ወተት እንደፈሰሰና፣ ጎራዴውን ወዲያው ቢያጥበውም ምልክቱ እንዳልለቀቀ ይተርካል። ብሩስ ማጋነን የሚወድ ሰው ነው ተብሎ ባገሩ ብዙ ታምቷል፤ በቁልቋል ጉዳይ ግን የተጋነነበት አይመስለኝም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1791፣ ጀርመናዊው ግሜሊን ዛፉን በላቲን መዝግቦ የሐበሻ ስም ሰጠው፦ «ዩፎርቢያ አቢሲኒካ»። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚበዛው ወንድሙ ደግሞ «ካንዴላብረም» ተባለ፤ መቅረዝ ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለአደይ አበባና ለጽጌረዳ የተገጠመ ግጥም ይዞ የማይመጣ ተማሪ አልነበረም፤ ለቁልቋል የተገጠመ ይዞ የመጣ ግን አላጋጠመኝም። መቅረዝነቱን ያዩት ላቲን የሚጽፉት ናቸው።

ካክተስ ወደ አገራችን በገዛ እግሯ የገባችው በስኒ አይደለም፤ መጀመሪያ የገባችው በበለስ መልክ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ ትግራይ እንዳስገቧት ይነገራል። የትግራይ ሰው ለእንግዳዋ ያወጣላት አንዱ ስም ይገርመኛል፤ «ቁልቋል ባሕሪ» አላት፤ ከባሕር ማዶ የመጣች ቁልቋል። በአንድ ሐረግ ውስጥ ቁልቋልን መምሰሏም፣ ከውጭ መምጣቷም ተነግሯል። የዕፅዋት ሊቅ ብዙ ገጽ የሚፈጅበትን ነገር ገበሬው በሁለት ቃል ጨረሰው። ሌላው ስሟ «በለስ» ከመጽሐፍ የተዋሰችው ነው፤ ከገነት ያስወጣን ዛፍ ስሙ ዕፀ በለስ ነው፤ ዕድል የቀናውንም ሰው «በለስ ቀናው» እንላለን። የሜክሲኮዋ እንግዳ እንግዲህ አዳምን ያባረረውንም፣ ዕድለኛውን የሚያስደስተውንም ስም ደርባ ለበሰች። ሰውም ከብትም በላት፤ በክረምት ወራት፣ እህል ገና ሳይደርስ፣ የስንቱን ቤት አቆየች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ይመረትባታል ተብሎ ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ከውጭ መጥታ በበለሱ ላይ ተለቀቀች። ነፍሳቷ ከተመደበላት ማሳ ወጣች፤ ዛሬም ድረስ በለሱን እየፈጀች ነው። ቀለሙ ያበለጸገው ገበሬ ስለመኖሩ የሰማሁት የለም።

ሜክሲኮን ካነሳን አይቀር፣ በቁልቋል መሳይ ነገር የተሰየመች ከተማ አዳማ ብቻ አይደለችም። የዛሬዋ ሜክሲኮ ሲቲ የተቆረቆረችበት ቦታ የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን ነበረች፤ ስሟም ከድንጋይና ከበለስ የተገመደ ነው። ንስር በበለስ ላይ ቆሞ ባያችሁበት ስፍራ ክተሙ ተብለው ነው የከተሙት ይላል አፈ ታሪካቸው። ያ ንስርና ያ ካክተስ እስከ ዛሬ በሜክሲኮ ባንዲራ መሐል አሉ። እኛም ለዚህች አገር ባዕድ አይደለንም፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረችና፣ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ብለን ሰየምንላት። እነሱም በዋና ከተማቸው በስማችን አደባባይ አላቸው፤ እዚያው ያለው የምድር ባቡር ጣቢያም «ኤቲዮፒያ» ነው የሚባለው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የካክተስን አገር እየጠራ መሆኑን ማን ያስባል?

ወደ አዳማ እንመለስ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ በመንገዱ ላይ ጣቢያ የሆኑትን ስፍራዎች ሁሉ ገበያ አደረጋቸው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጌታ ባደገባት ከተማ ስም «ናዝሬት» አሏት። ጎረቤቷን ቢሾፍቱንም «ደብረ ዘይት» አሉ። በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቅድስት አገር ተሠራች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማዋ በይፋ ወደ «አዳማ» ተመለሰች። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ እንድትሆን ተወሰነ፤ ውሳኔው ብዙ ቁጣ አስነስቶ በ2005 ተቀለበሰ። ስሙ ግን ጸና። መናኸሪያ ውስጥ «ናዝሬት! ናዝሬት!» የሚለው ጥሪ ዛሬም አልጠፋም፤ ያም ሆኖ የትኛውን ስም እንደጠራችሁ የሚመዘግብ ጆሮ ከአጠገባችሁ አይታጣም። አንዱን ካላችሁ ከዚህ ወገን፣ ሌላውን ካላችሁ ከዚያ ወገን ትቆጠራላችሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ናዝሬት የሚለው ስም ራሱ «ኔጼር» ከሚል የዕብራይስጥ ቃል የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ኔጼር ቀንበጥ፣ ቁጥቋጥ ማለት ነው፤ ኢሳይያስ ስለ እሴይ ግንድ በተናገረበት ቦታ ያለው ቃል። እንግዲህ አንደኛው ስም ቁልቋል፣ ሌላኛው ቀንበጥ ከሆነ፣ ሁለት ጎራ ለይተን የምንነታረከው በሁለት ተክል ስም ነው። ደግሞ አዳማ የሚለው ስም ለቅዱስ መጽሐፍ ባዕድ አልነበረም፤ በዕብራይስጥ አፈር «አዳማ» ነው የሚባለው፤ አዳምም የተሠራው ከእሱው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥም አዳማ የምትባል ከተማ አለች። ጎረቤቶቿ ሰዶምና ገሞራ በመሆናቸው ግን ለስያሜ የምታጓጓ አይደለችም። እነዚህ የድምፅ መገጣጠሞች ናቸው እንጂ ኦሮምኛውን ከዕብራይስጥ የሚያገናኙ አይደሉም፤ ደግሞ ተነስታችሁ ስብከት እንዳታደርጉብኝ።

የገሊላዋ ናዝሬትስ ብትሉ፣ እሷም ዛሬ ዙሪያዋን ካክተስ ነው። ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ በለስ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ተዛምታ የፍልስጥኤም ገበሬ አጥር ሆነች። በዓረብኛ ስሟ «ሰብር» ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባል፤ ትዕግሥት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሰዎቻቸው ተፈናቅለው የፈረሱ መንደሮች የት እንደነበሩ ዛሬም የሚታወቀው፣ ቤቱ ከጠፋ በኋላ እንደገና ባቆጠቆጠው የበለስ አጥር ነው። በሌላ ወገን ደግሞ እዚያው የተወለደ እስራኤላዊ «ሳብራ» ይባላል፤ ያው ቃል ነው፤ ውጪው እሾህ፣ ውስጡ ጣፋጭ ለማለት። አስቡት፤ ሁለት ወገን በአንድ መሬት ላይ «የዚህ አፈር ልጅ እኔ ነኝ» ሲል ሁለቱም ምስክር የጠሩት ከሜክሲኮ የመጣችውን እንግዳ ነው።

እኛ ዘንድ ምስክሩ ባላገር ነው፤ የሚጠራው ግን የለም። ስሙ በቲተር፣ በመታወቂያ፣ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተጽፏል፤ ዛፉ ግን ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ወደ ተራራው ጥግ እየሸሸ ነው። ከአዳማ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ ባሉት ከተሞች አጥር ሆኖ የኖረው ቁልቋልና ቅንጭብ በቆርቆሮና በብሎኬት ተተካ። ስለ ስሙ ሲሆን ድምፃችን ከፍ የሚለውን ያህል፣ አንድ ቁልቋል በግሬደር ሲገፋ «ተዉ» ያለ ሰው አላየሁም። ስሙን የወደድነው ለክርክሩ ነው እንዴ ያሰኛል።

አስቂኙ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የሐበሻ ቁልቋል እንዲህ ባገሩ መድረሻ ሲያጣ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት መደብሮች በማሰሮ ተተክሎ ይሸጣል። ሰው ሳሎኑ ጥግ ያቆመዋል፤ «ካክተስ» ይለዋል። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከነጭ ግድግዳ ሥር የቆመ፣ ጠርዙ ላይ እሾሁ ጥንድ ጥንድ የሆነ ረጅም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ሰላም በሉት፤ ያገራችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። እኛ የሜክሲኮን ልጅ በስኒ አስቀምጠን ውሃ እያጠጣን እንገድላለን፤ እነሱ የእኛን ልጅ «የሜክሲኮ ነው» እያሉ ያሳድጋሉ።

አገዳደሉን ካነሳሁ አኗኗሩንም ልናገር። ካክተስም ቁልቋልም ሌላው ተክል እንደሚያደርገው በቀን አይተነፍሱም። ቀን፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ ቀዳዳዎቻቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍቱና አየሩን ያስገባሉ፤ በአሲድ መልክ ያከማቹትና ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስሉበታል። ስለዚህ ውሃ አያባክኑም። ሁልጊዜ በረጠበ አፈር ውስጥ የተቀመጠ ሥራቸው ግን አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስኒዋ ከታች ቀዳዳ ከሌላት ስኒ ሳትሆን መቃብር ናት። ቀዳዳ ያላት ማሰሮ ያስፈልጋል፤ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ ውሃ አይሰጥም፤ ሲሰጥ ግን በደንብ ነው፣ ከታች እስኪወጣ፤ ከዚያ መተው። ጣት አስገብታችሁ ብትሞክሩ፣ እርጥበት ካለ ሌላ ሳምንት ጠብቁ። በክረምት፣ ደመናው ሲበዛና ብርዱ ሲገባ፣ ከዚህም መቀነስ ነው። መስኮት ዳር፣ ብርሃን የሚደርስበት ቦታ ትቀመጥ። ከጨለማ ክፍል አውጥታችሁ በአንድ ቀን የአዳማ ፀሐይ ላይ አታስጧት፤ ትቃጠላለች፤ ቀስ በቀስ ነው። የጉድጓድ ውሃ በስምጥ ሸለቆ ጨው ይበዛዋል፤ የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ እሱ ይሻላታል።

አፈሩን በተመለከተ የአዳማ ሰው የሚቀናበት ነገር አለው። ፈረንጁ ለካክተስ ብሎ በከረጢት በውድ የሚገዛው ፐሚስ የሚባል ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እዚህ ብሎኬት የሚመረተው ከእሱ ነው። አንድ ብሎኬት ማምረቻ ጎራ ብላችሁ ወንፊት የማያሳልፈውን ሻካራውን ሁለት ጭብጥ ብትለምኑ ማንም አይነፍጋችሁም። የቁልቋሉን አጥር የተካው ብሎኬት ይሄው ለቁልቋሉ ምንጣፍ ይሆናል። ፐሚሱን ከተራ አፈር ጋር እኩል ቀላቅሉት፤ በቃ።

ከዚያስ ካክተሷን ብቻ? እኔ ብሆን አጠገቧ አዳሚውን አስቀምጣለሁ። ዛፍ መንቀል አያስፈልግም። ከጫፉ አንድ ክንድ የማይሞላ ቅርንጫፍ ይበቃል። ጓንት ይደረግ፤ ልጆች አጠገብ አይሁኑ፤ ዓይን አይነካ፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር ስታደርጉት ወተቱ ይቆማል። ከዚያ ጥላ ቦታ ሁለት ሳምንት ገደማ አስተኙት፤ ቁስሉ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ደረቅ ፐሚስ ውስጥ ትከሉትና ለሌላ ሳምንት ውሃ የሚባል እንዳታሳዩት። ከዚያ በኋላ ጥቂት። ሥር ለመስደድ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ አዲስ አረንጓዴ ስታዩ ይዟል ማለት ነው። ቢላውን ግን ወዲያው እጠቡት፤ ብሩስ ያንኑ አድርጎ አልለቀቀለትም፣ ቢሆንም ሞክሩ።